ልጃችሁ የቤዝቦል ተጫዋች መሆን ካሰበ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ትልቁ ስህተት የሚሠራው ልጁ ኮንትራት ከመፈረሙ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ክንዱ ላይ ነው የሚሠራው።

ጎበዝ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) የሆነን ልጅ ሁሉም አሰልጣኝ ይፈልገዋል። ቅዳሜ ለትምህርት ቤቱ፣ እሑድ ለሌላ ቡድን ይወረውራል። ክረምት ከበጋ እረፍት የለውም። የክርኑ ጅማት ግን እየሳሳ ይሄድና አንድ ቀን ይበጠሳል። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከፒቸሩ ቶሚ ጆን ቀኝ እጅ ጅማት ወስደው የግራ ክርኑን ጠገኑለት። ተመልሶ 164 ጨዋታ አሸነፈ፤ ቀዶ ሕክምናውም በስሙ ተጠራ። ይህን ሰምተው «ቢጎዳም ይጠገናል» የሚሉ አሉ። እባካችሁ እንዲህ አትበሉ። ማገገሙ ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ ይፈጃል፤ እንደ ድሮው መወርወር ያቃተውም አለ።

የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) መመሪያ የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ በቀን ከ85 ጊዜ በላይ እንዳይወረውር ይመክራል። 66 ከደረሰ 4 ቀን ይረፍ ይላል። በዓመት ውስጥም ቢያንስ 4 ወር ውርወራ ያቁም። ቁጥሩን ለአሰልጣኝ ብቻ አትተዉት። የቅዳሜው አሰልጣኝ የእሑዱን አያውቅም። ስልካችሁ ላይ እናንተው መዝግቡ።

ሁለተኛው፣ በድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት) መመረጥን እንደ መድረስ መቁጠር ነው። ብሪየን ቴይለር በ1991 ከሁሉም ቀድሞ በያንኪስ ክለብ ተመረጠ፤ 1.55 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው። በ1993 ጠብ ውስጥ ገብቶ የሚወረውርበት ትከሻው ተጎዳ። ሜጀር ሊግን ሳያያት ቀረ። ማይክ ፒያሳ ደግሞ በ1988 በ62ኛው ዙር ነው የተመረጠው፤ እሱ በ2016 የዝና አዳራሽ ገባ።

ሲፈርም የሚሰጠውን ገንዘብ (ቦነስ) ቶሎ መጨረስም አለ። ፊርማ ማለት መጀመሪያ ማይነር ሊግ፣ ከሜጀር ሊግ በታች ያሉት ሊጎች፣ ማለት ነው። በ2023ቱ የሊጉና የተጫዋቾች ስምምነት ከሜጀር ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚጫወት ሰው ዝቅተኛ ደሞዝ በዓመት 35,800 ዶላር ሆነ። በ2025 የሜጀር ሊጉ 760,000 ነበር። በመሃል ያሉት ዓመታት የሚታለፉት በዚያ ቦነስ ነው። ዛሬ ብር ሰጥተው ከነገ ደሞዙ ፐርሰንት የሚቆርጡ ድርጅቶች ሲመጡ ጠበቃ ሳያየው አትፈርሙ።

ሐበሻ ወላጅ ትምህርት ይቅር አይልም፤ ልክም ነው። ስህተቱ ትምህርትና ኳስ አብረው አይሄዱም ማለቱ ላይ ነው። ከሃይስኩል ለሚፈርም ልጅ ክለቡ የኮሌጅ ወጪ እንዲሸፍን ኮንትራቱ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። የሚጠየቀው ከፊርማው በፊት ነው። ትምህርቱንም ኳስ ካቆመ በሁለት ዓመት ውስጥ መጀመር አለበት።

ውርርድ? በጭራሽ። የሜጀር ሊግ ተጫዋቹ ቱኩፒታ ማርካኖ በገዛ ቡድኑ ጨዋታ ላይ ተወራርዶ በ2024 ዕድሜ ልኩን ታገደ።

መድኃኒትም እንዲሁ በዘፈቀደ አይወሰድም። ሌላው ተጫዋች ፈርናንዶ ታቲስ ጁኒየር በ2022 በተከለከለ መድኃኒት ለ80 ጨዋታ ሲታገድ ለቆዳ በሽታ የወሰድኩት መድኃኒት ነው ብሎ ነበር። ቅጣቱ አልቀረለትም። ቅባትም ይሁን የፕሮቲን ዱቄት፣ መጀመሪያ የቡድኑ ሐኪም ይየው።