ቤት ሐራጅ እንዳይወጣ ሲሉ የሚሠሩ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ የኢንዱስትሪ ፓርኩን ሠራተኛ ተማምኖ በባንክ ብድር የሚከራዩ ክፍሎች የሠራ ሰው፣ ተከራይ ሲጠፋ ወርሃዊ ክፍያው ያንቀዋል። ሱቅ ከፍቶ ገበያ የቀዘቀዘበትም እንደዚሁ። ቤት የሚያሳጣው ግን ብዙ ጊዜ ከዕዳው ይልቅ መዘግየቱ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ከባንኩ መሸሽ ነው። ስልክ አለማንሳት ወለዱን አያቆመውም። ክፍያው 90 ቀን ካለፈው ብድሩ ከተበላሹ ብድሮች ተርታ ይመደባል፤ ያኔ መደራደር ይከብዳል። ገና አንድ ወር ሲያልፍ የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ በጽሑፍ ይጠይቁ። ገቢዎ ለምን እንደቀነሰና በወር ስንት መክፈል እንደሚችሉ በቁርጥ ይግለጹ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገውም ቁጥርና ቀን ያለበትን ኮፒ ይያዙ። ሥራ አስኪያጁ «እናያለን» ስላሉ ብቻ ተራዘመልኝ ብለው አይቀመጡ።

«ፍርድ ቤት ሳይወስን ማን ይነካኛል?» ማለትም ብዙዎችን ጎድቷል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በውሉ ሥልጣን ከተሰጠው፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሥርዓቱን ሳይከተል ቢሸጥ ለሚደርሰው ጉዳት ይጠየቃልና፣ ማስጠንቀቂያው የደረሰዎትን ቀን ይመዝግቡ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን «ጎረቤት ምን ይለኛል» እያሉ ቤቱን ራስ ከመሸጥ ይልቅ ሐራጅ መጠበቅ ነው። ተጫራች አብዛኛውን ጊዜ የመነሻ ዋጋውን 1/4ኛ በሲፒኦ (ባንክ በሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) ያስይዛል፣ ቀሪውንም በአጭር ቀን ይከፍላል። ስለዚህ የሚመጣው ገንዘብ በእጁ ያለው፣ ርካሽ የሚፈልግ ሰው ነው። ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር 5 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት 2 ሚሊዮን ዕዳ አለበት እንበል። ራስዎ ቢሸጡት ወደ 3 ሚሊዮን ይተርፍዎታል። በሐራጅ በ3 ሚሊዮን ቢሄድ የሚተርፈው 1 ሚሊዮን ነው፤ ከዚያም ላይ የሐራጁ ወጪ ይነሳል። ዋጋው ዕዳውን ካልሸፈነ ደግሞ ለቀሪው ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።

አካሄዱ ከባድ አይደለም። ቀሪ ዕዳዎን ከባንኩ በጽሑፍ ያስወጡ፣ ገዢውን ይዘው ይቅረቡ፣ ዕዳውን ገዢው በቀጥታ ለባንኩ ገቢ ያድርግ። መያዣው መነሳቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ለከተማው ሲጻፍ ስም ይዛወራል፤ ትርፉ የእርስዎ ነው። ከባንኩ ተደብቆ መሸጥ ግን ገዢውንም ችግር ውስጥ መክተት ነው፤ መያዣው ከቤቱ ጋር ይሄዳል።

አራጣ ውስጥ መግባትን በፍጹም አይሞክሩት። አበዳሪው «ለዋስትና ያህል» ብሎ የቤት ሽያጭ ውል ያስፈርማል፤ ክፍያው ሲዘገይ ቤቱን «ገዝቻለሁ» ብሎ ይመጣል። አራጣ ወንጀል ነው፤ የተፈረመ የሽያጭ ውልን ሐሰት ነው ብሎ ማስረዳት ግን እጅግ አድካሚ ነው። ለደላላ የመሸጥ ውክልና መስጠትም ከዚሁ አይርቅም።

ለወንድም ወይም ለጓደኛ ብድር ቤት ያስያዙ ሰዎችም አሉ። «እሱ ይከፍላል» ብለው ይተውታል፤ ተበዳሪው ደግሞ አፍሮ ይደብቃቸዋል። ቤቱ የእርስዎ ከሆነ ማንኛውም ማስጠንቀቂያ ለእርስዎም በግልባጭ እንዲደርስዎ ለባንኩ በደብዳቤ ይጠይቁ፤ በየሦስት ወሩም የብድሩን ሂሳብ መግለጫ ከተበዳሪው ጋር አብረው ይዩ።