«ደብሮኛል» ከሚለው ቃል ጀርባ፦ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የስሜት ክህሎትን እንዴት ማስተማር ይቻላል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ በኩል፣ ከየክልሉ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመድበው የሚመጡ ፍሬሽማን ተማሪዎች ዶርም በገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ናፍቆቱንም፣ እፍረቱንም፣ ንዴቱንም «ደብሮኛል» በሚል አንድ ቃል መጥራት ይጀምራሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር በ1990 እ.ኤ.አ. ስለ ስሜት ብልህነት (የራስንና የሌላውን ስሜት የመረዳትና የመግራት ችሎታ) ባሳተሙት ጽሑፍ ስሜትን መለየትን ከመግራቱ አስቀድመው ዘርዝረዋል፤ ትምህርቱም መጀመር ያለበት ይህን ቃል ከመፍታት ነው።

በመጀመሪያ ጊዜውን ይምረጡ። በአቀባበል ሳምንት በአዳራሽ የሚሰጥ ንግግር ብዙም አይረባም፤ ተማሪው ያኔ የሚያስበው ስለ ፍራሹና ስለ ሚል ካርዱ ነው። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ፣ የሚድ ፈተና ሳይደርስ፣ ከ10 እስከ 12 ተማሪዎችን ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ ያድርጉ።

ከዚያም እያንዳንዱ ተማሪ በቅርቡ «ደብሮኛል» ያለበትን ቀን፣ ከዚያ ቀደም ብሎ የሆነውንና በሰውነቱ የተሰማውን፣ ስሙን ሳይጠቅስ፣ በሚቀናው ቋንቋ ይጻፍ። በአፋን ኦሮሞ የሚያስብን ልጅ በእንግሊዝኛ ጻፍ ማለት ግማሹን ማስቀረት ነው። ለምሳሌ አንዱ ኩዊዝ ከአሥር ሦስት አግኝቶ ወረቀቱን ደብተሩ ውስጥ እንደሸሸገ፣ ጉንጩ እንደጋለ፣ እራት ሳይበላ እንደተኛና እናቱ ስትደውል «ደህና ነኝ» እንዳለ ሊጽፍ ይችላል። ወረቀቶቹ ተደባልቀው ሲነበቡ ስሜቱን የሚሰይመው ቡድኑ ነው፤ እርስዎ አይቅደሙ። «እፍረት ነው» ከተባለ መፍትሔውም ይለያል፤ ናፍቆት ቤት በመደወል ሊቀል ሲችል፣ እፍረት ግን ለአንድ ታማኝ ሰው ካልተነገረ ሊብስ ይችላል።

ቀጥሎ የዶርም ጠብን በትወና ያለማምዱ። እዚህ ላይ ዋናው እንቅፋት ይሉኝታ ነው፤ ተማሪው የጓደኛውን መብራት ለሦስት ሳምንት ችሎ በአራተኛው «አንተ ሰው አይደለህም!» ብሎ ይፈነዳል። በምትኩ የሆነውን፣ ያስከተለበትንና የሚፈልገውን ብቻ ይናገር፦ «መብራቱ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሲበራ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ክፍል ውስጥ እያንቀላፋሁ ተቸገርኩ። ከ6 ሰዓት በኋላ በስልክህ መብራት ብታጠናስ?» ደጋግሞ ካልተለማመደው በንዴት ሰዓት ቃሉ አይመጣለትም፤ ስለዚህ ሁለቱን ተዋናዮች ቦታ እያቀያየሩ ያስደግሟቸው።

ለፈተና ፍርሃት ደግሞ ትንፋሽ ሲያስወጡ ከሚያስገቡበት ረዘም ማድረግን ማሳየት ለጊዜው ይበቃል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍና ምግብ የራቀው፣ ወይም ስለ መሞት የሚያወራ ተማሪ ካጋጠመዎት ግን ይህ የክፍል ሥራ አይደለም። በተለይ ስለ ሞት ያነሳውን ብቻውን ሳይተዉ፣ አብረውት እየሄዱ፣ በዚያው ቀን ወደ ግቢው የምክር አገልግሎት ወይም ክሊኒክ ያድርሱት።