ስለ «ሩሲያ ማፊያ» ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስሙ ራሱ ያሳስታል። ሁሉም ሩሲያዊ ይመስላል። ግን ስመ ጥር አለቆቹን እንይ፦ «ያፖንቺክ» የሚባለው ቪያቼስላቭ ኢቫንኮቭ የተወለደው በጆርጂያ ዋና ከተማ ትብሊሲ ነው። በ2013 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሞስኮ ውስጥ በአነጣጣሪ ተኳሽ የተገደለው አስላን ኡሶያን «የዚዲ» ከሚባለው የሃይማኖት ማኅበረሰብ የሆነ የጆርጂያ ኩርድ ነበር። ሴሚዮን ሞጊሌቪች ደግሞ የዩክሬኗ ኪየቭ ልጅ ነው። ወንጀሉ የሶቭየት ኅብረት ውርስ ነው። በአንድ ሕዝብ ስም ሲጠራ ጥርጣሬው በንጹሑ ስደተኛ ላይ ይወድቃል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ታሪኩን ሶቭየት ኅብረት ከፈረሰችበት ከ1991 መጀመር ትልቁ ስህተት ስለሆነ ልቆይበት። ሥሩ በስታሊን ዘመን የጉልበት ሥራ ካምፖች ውስጥ ነው። እዚያ «ቮሪ ቭ ዛኮኔ» የተባሉት ባለ ሕግ ሌቦች ተነሡ። ለመንግሥት መሥራት፣ ወታደር መሆን፣ ትዳር መያዝ ለእነሱ ነውር ነበር። የታሰረውን የሚደጉሙበት «ኦብሻክ» የሚሉት የጋራ ገንዘብም ነበራቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በቀይ ጦር ተሰልፈው ተዋግተው ተመልሰው የታሰሩትን ነባሮቹ ከሃዲ አሏቸው፤ በካምፖቹ ውስጥ መተላለቅ ሆነ። ከዚያ 1988 መጣ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሕግ ለግል ንግድ በር ሲከፍት ነጋዴው የሚጠብቀው ፖሊስ፣ ውሉን የሚያስከብርለት ፍርድ ቤት አጣ። ያን ጊዜ ወሮበላው «ክሪሻ ልሁንህ» አለው። ክሪሻ ጣሪያ ማለት ነው። ያልከፈለ ሱቁ ይቃጠላል።

አንድ አለቃ፣ አንድ የዕዝ ሰንሰለት አለ ብሎ ማሰብም አያዋጣም። በሞስኮው ሶልንትሴቮ ሰፈር ስም የሚጠራው ቡድን እንኳ ልል ትስስር ያላቸው ጓዶች ስብስብ ነው። ክስን ከፍርድ አለመለየትም አለ፦ የዚሁ ቡድን መሪ ነው የተባለው ሰርጌይ ሚካይሎቭ በ1996 ጄኔቭ ታስሮ በ1998 በነጻ ተለቋል።

ውጭ አገር ሲደርሱ ጠመንጃ ብቻ ይዘው ሄዱ ማለት ደግሞ ዋናውን ነገር ያስረሳል። መሣሪያቸው ወረቀት ነበር። በ1980ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ቤንዚን በወረቀት ከድርጅት ወደ ድርጅት ይሸጣል፤ ግብሩን መክፈል ያለበት ድርጅት ግን ስም ብቻ ስለሆነ ድንገት ይጠፋል። ሞጊሌቪችን የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በ2009 ከአሥሩ ዋና ተፈላጊዎች ዝርዝር ያስገባው ማግኔት እንሠራለን ይል በነበረ ኩባንያ አክሲዮን ባለሀብቶችን አታሏል በሚል ክስ ነው። ጉልበት ሲጠቀሙም የሚመቱት የራሳቸውን ወገን ነው። በኒው ዮርኩ ብራይተን ቢች ሰፈር የሰፈሩት የሶቭየት አይሁዶች ፖሊስ ከሚፈራበት አገር የመጡ ስለነበሩ ተበድለው ዝም ይሉ ነበር።

በመጨረሻ፣ የሌቦቹን ሕግ እንደ ጀግንነት አታወድሱ። ጆርጂያ በ2005 «ባለ ሕግ ሌባ» የሚለውን ማዕረግ መያዝ ብቻውን ወንጀል እንዲሆን ደነገገች። በሕጋቸው ማዕረግን መካድ ክልክል ስለሆነ «ባለ ሕግ ሌባ ነህ ወይ?» የተባለው ሰው ወይ ያምናል ወይ ይዋረዳል። ብዙዎቹ አገሪቱን ጥለው ወጡ። ሩሲያም በ2019 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች።