የሴቶች የዋና ልብስ አመራረጥ፦ ከመስታወቱ በፊት ውሃውን ማሰብ

የዋና ልብስ ለመግዛት ሱቅ የገባች ሴት አብዛኛውን ጊዜ መስታወት ፊት ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ሆዷን ወደ ውስጥ ትስባለች፣ ዞር ብላ ጎኗንና ጀርባዋን ታያለች፣ ከወደደችው ትገዛዋለች። ችግሩ እንዲህ ቆሞ የሚዋኝ ሰው አለመኖሩ ነው። ውሃ ውስጥ ክንድ ይዘረጋል፣ እግር ይከፈታል፣ ጨርቁም ውሃ ጠጥቶ ይላላል። ስለዚህ መስታወት ፊት ያማረው ልብስ ገንዳ ዳር በየደቂቃው የሚጎተትና የሚስተካከል ከሆነ ውበቱ እዚያው ያበቃል፤ አንዲትን ሴት የሚያምርባት ከለበሰችው በኋላ የምትረሳው ልብስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምርጫው የሚጀምረው የት እንደሚዋኝ ከመለየት ነው። በሆቴል ገንዳዎች ዘወትር ለምትዋኝ ሴት የልብሷ ዋነኛ ጠላት ክሎሪን ነው። ገበያ ላይ የሚገኙት ብዙዎቹ የዋና ልብሶች 80 በመቶ ገደማ ናይለን፣ 20 በመቶ ገደማ ደግሞ ላይክራ ወይም ኤላስታን የሚባለው ተለጣጭ ክር ናቸው፤ ልብሱን ገላ ላይ ልክክ የሚያደርገው ይኸው ክር ሲሆን፣ ክሎሪን ቀስ በቀስ የሚበላውም እሱኑ ነው። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን የምትዋኝ ሴት መለያው ላይ ፖሊስተርና ፒቢቲ (PBT፣ ክሎሪንን የሚቋቋም የፖሊስተር ዓይነት) የተጻፈበትን ብትመርጥ፣ ያን ያህል ባይለጠጥም ብዙ ይበረክትላታል። በዓመት አንዴ ሁለቴ ላንጋኖ ለምትወርድ ግን ለዚህ ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። እንደ ሶደሬና ወንዶ ገነት ባሉ የፍል ውሃ መዝናኛዎች ደግሞ ሙቀቱ ላስቲኩን ያደክማል፤ ሻካራው የሲሚንቶ ጠርዝም የመቀመጫውን ጨርቅ ፈትጎ ያሳሳዋል፤ አዲሱን ለሌላ ቀን አስቀምጦ አሮጌውን ይዞ መሄድ ይሻላል። በእስራኤል የሚኖሩና ወደ ሙት ባሕር የሚሄዱ ወገኖችም እንዲሁ ቢያደርጉ ይመከራል፤ የውሃው ጨው 34 በመቶ ገደማ፣ ማለትም የተራውን ባሕር አሥር እጥፍ ያህል በመሆኑ፣ ጠቆር ያለ፣ ያገለገለና የብረት ማያያዣ የሌለው ልብስ ለዚያ ይበቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ልክ ነው። ከቱርክ፣ ከዱባይና ከቻይና በሚመጣ ዕቃ አንዱ ዘንድ ኤል የተባለው ሌላው ዘንድ ኤም ሆኖ ይገኛል፤ የአውሮፓው 40 ቁጥርም በእንግሊዝ 12፣ በአሜሪካ 8 ገደማ ነው። በቁጥሩ ከመተማመን ይልቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ ደረትን፣ ወገብንና ዳሌን መለካት ያዋጣል። ባለ አንድ ወጥ የዋና ልብስ ለሚገዛ ሰው ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ብዙዎች የማይለኩት አራተኛው ልክ ነው፤ ይኸውም ከአንደኛው ትከሻ መሃል ተነሥቶ በጡት ላይ ወደ ታች ወርዶ፣ በእግሮች መካከል አልፎ፣ በጀርባ በኩል ወደዚያው ትከሻ የሚመለሰው ዙሪያ ነው። እኔና ታናሽ እህቴ ወገባችንም ዳሌያችንም አንድ ነው፤ በዚህ ዙሪያ ግን በ7 ሳንቲ ሜትር ትበልጠኛለች። የእኔን ልብስ ተውሳ ላንጋኖ በሄደችበት ቀን ማታ ትከሻዎቿ ላይ ሁለት ቀያይ መስመሮች ተጋድመው አየሁ፤ ብሽሽቷም ተፍቆ ነበር። ልብሱ ከሰውነት ሲያጥር እንዲህ ይቆርጣል፤ ሲረዝም ደግሞ ደረት ላይ ይከፈታል፣ ሆድ ላይም ይታጠፋል። ቁመቷ ከወገብ በላይ ረዘም ያለ ሴት ማንገቻው የሚረዝምና የሚያጥር ልብስ ወይም ላይና ታቹ የተለያየ ብትመርጥ ችግሩ ይቃለልላታል፤ በተለይ ታንኪኒ የሚባለው፣ ሆድን የሚሸፍን ካናቴራ መሰል ላይ ያለው ዓይነት፣ መጸዳጃ ቤት ለመግባትም ይመቻል።

ሲለካ የውስጥ ሱሪን ሳያወልቁ ከላዩ መልበስ ለንጽሕና ያስፈልጋል። ከዚያ ሁለቱን እጅ ወደ ላይ መዘርጋት፣ ቁጢጥ ማለት፣ መሬት የወደቀ ነገር እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ ማለት ይገባል፤ በዚህ መሃል ጡት ካፈተለከ ወይም መቀመጫው ከተሰበሰበ ልብሱ የእርስዎ አይደለም። ማንገቻው ሥር ሁለት ጣት ሳይጨነቅ መግባት አለበት። ደረቅ ሳለ ትንሽ ጠበቅ ያለ ጥሩ ነው፤ ደረቅ ሆኖ የሰፋ ሲረጥብ ይንጠለጠላል።

ስለ ቅርጽ ብዙ ይባላል፤ የሚሠራው ግን ጥቂት ነው። ጡቷ ተለቅ ላለ ሴት ዋናው ነገር ድጋፍ ነው፦ ሰፊ ማንገቻ፣ ከጡት በታች የሚያቅፍ ጠንካራ ላስቲክ፣ ከተቻለም እንደ ጡት ማስያዣ በቁጥር የሚሸጥ። አንገት ላይ የሚታሰረው ዓይነት ሸክሙን ሁሉ ማጅራት ላይ ስለሚጥል ከአንድ ሰዓት በኋላ ያሳምማል። ሆዷ እንዲጎላ የማትፈልግ ሴት ሆዱ ላይ ወደ ጎን የተሸበሸበና ውስጡ ጠንካራ ገበር ያለው ብትለብስ፣ ሽብሽቡ ዓይንን ስለሚያታልል ጥሩ ይሆንላታል። የእግሩ ቅድ ወደ ዳሌ ከፍ ሲል እግር ይረዝማል፤ ዝቅ ብሎ ጭን ላይ ሲቆረጥ ግን ጭን ይሰፋል፣ እግርም ያጥራል። አጭር ቀሚስ ያለበት ልብስ ዳሌን ይሸፍናል ተብሎ ይገዛል፤ ውሃ ውስጥ ግን ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ ገንዳ ዳር ለመቀመጥ እንጂ ለመዋኘት አልመክረውም።

ጨርቁን ለመፈተን እጅን ወደ ውስጥ አስገብቶ ጣቶችን ዘርግቶ ወደ መስኮት ወይም ወደ አምፖል መያዝ ይበቃል። የጥፍሮችዎ ቅርጽ ከታየ፣ በተለይም በነጭና በክሬም ቀለም፣ ሲረጥብ ሌላውም ይታያል። ሰልባጅ ከሆነ ደግሞ የእግሩን ጠርዝ ሳብ ለቀቅ አድርገው ያዳምጡ፤ የደረቀ ላስቲክ ሲንጫጫ ይሰማል፣ ወደ ቦታውም አይመለስም። ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰማያዊና ነጭ ልብስ በገንዳ ውሃ ውስጥ ይሰወራል፤ ደማቅ ብርቱካናማ ግን ከሩቅ ይለያል። ይህ በተለይ ለሴት ልጆቻቸው ለሚገዙ እናቶች ከውበት በፊት የሚታይ ነው።

ገላዋን መሸፈን የምትፈልግ ሴት በጥጥ ካናቴራና በታይት ውሃ ውስጥ መግባቷ የተለመደ ቢሆንም፣ ጥጥ ውሃ ተሸክሞ ስለሚከብድ ክንድን ያደክማል፣ ብዙ ገንዳዎችም አይፈቅዱትም። ከዋና ጨርቅ የተሠራ ባለ ረዥም እጅጌ ላይና እስከ ጉልበት ወይም እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ታች አለ፤ አሄዳ ዛኔቲ የተባለች በሊባኖስ የተወለደች ንድፍ አውጪ እ.ኤ.አ. በ2004 በአውስትራሊያ ያስተዋወቀችው ቡርኪኒ ደግሞ ፀጉርንም ይሸፍናል። በፈረንሳይ ብዙ የሕዝብ ገንዳዎች ይህን ስለማይቀበሉ፣ እዚያ የምትኖር ሴት ከመግዛቷ በፊት የገንዳውን ደንብ ብትጠይቅ ገንዘቧ አይባክንም። ረዥም እጅጌ ለፀሐይም ይረዳል፤ በየ1000 ሜትር ከፍታ ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ነፋስ እየነፈሰም ትከሻ ይቃጠላል። መለያው ላይ ዩፒኤፍ 50 የተጻፈበት ጨርቅ ከጨረሩ 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ያሳልፋል።

የወር አበባ ባለበት ቀን ሞዴስ የገንዳውን ውሃ ስለሚጠጣ አያገለግልም፤ ታምፖን ወይም የወር አበባ ኩባያ ያስፈልጋል።

ልብሱ ከተገዛ በኋላ ዕድሜውን የሚወስነው ከዋና መልስ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ወዲያው በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ ሳይጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልሎ መጫን፣ ከዚያም በማንገቻው ሳይሰቅሉ ጥላ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ነው። በረኪና፣ ሙቅ ውሃና ካውያ አይነካውም። እርጥቡን በላስቲክ ከረጢት አፍኖ ማሳደር ሽታ ከማምጣቱም በላይ ቀለሙን ያበላሻል፤ ከላንጋኖ ማታ የሚመለስ ሰው ቢያንስ ከረጢቱን ከፍቶ መኪናው ውስጥ ያናፍሰው።