የጥንት አሻንጉሊቶችን፣ የልጆች ልብሶችንና በቁልፍ በሚጠመዘዝ ሞላ የሚንቀሳቀሱ ምስሎችን በሙዚየም ለመመልከት

የጥንት አሻንጉሊቶች ሙዚየም የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ፊታቸው ላይ ነው። ፊት ግን ሠሪው ገዢን ለመማረክ የደከመበት ክፍል ስለሆነ ስለ ዕቃው ታሪክ ብዙም አያስረዳም፤ ዕድሜውን፣ የተሠራበትን አገርና ያለፈበትን እጅ የሚያሳውቁት ማጅራቱ፣ የቀሚሱ ጠርዝና የቆመበት ሣጥን ውስጥ ያለው ነገር ናቸው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የመስታወት ሣጥን ፊት ለፊት ብቻ አይቁሙ፤ መዞሪያ ካለው ዙረው ከጎንና ከጀርባ ይመልከቱ።

ትኬት ሲቆርጡ በሞላ የሚንቀሳቀሱት ምስሎች፣ ማለትም በሰው ወይም በእንስሳ መልክ የተሠሩት ማሽኖች፣ በስንት ሰዓት እንደሚሠሩ ይጠይቁ፤ የቀረውን ጉብኝት በዚያ ሰዓት ዙሪያ ያቅዱ። እነዚህ ማሽኖች በተንቀሳቀሱ ቁጥር ስለሚያረጁ ሙዚየሞች የሚያስነሷቸው በቁጠባ ነው። በስዊዘርላንድ የኑሻቴል ከተማ ሙዚየም የሚገኙት፣ ሰዓት ሠሪው ፒየር ዣኬ ድሮ ከልጁና ከዣን ፍሬደሪክ ሌሾ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1768 እስከ 1774 የሠሯቸው ጸሐፊው፣ ሠዓሊውና ሙዚቀኛዋ ለሕዝብ ሲሠሩ የሚታዩት በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነው።

ወደ አሻንጉሊቶቹ ሲመለሱ በቅድሚያ የጭንቅላቱን ቁስ ይለዩ። የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቀለም የመሰለ መስታወታማ ሽፋን የተቀባ ሸክላ ነው፤ ሳያብለጨልጭ ደብዘዝ ብሎ ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ቢስክ የሚባለው ሽፋን የሌለው ሸክላ ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የፈረንሳይና የጀርመን ፋብሪካዎች ስም ያተረፉበት እርሱ ነው። ሰም ከጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል፣ ይወይባልም። ሴሉሎይድ የሚባለው የቀድሞ ፕላስቲክ ለብቻው አየር በሚያገኝ ሣጥን ተቀምጦ ካዩ ለውበት እንዳልተለየ ይወቁ፤ ይህ ቁስ በቀላሉ ከመቀጣጠሉም በላይ ሲበሰብስ የሚያወጣው አሲዳማ ጋዝ አጠገቡ ያለውን ብረት ያዝጋል፣ ጨርቁንም ይበላል።

ከዚያ ማጅራቱን ይፈልጉ። የፋብሪካው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያው ከዊጉ በታች ስለሆነ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሙዚየም ከኋላ መስታወት ያቆማል ወይም ፎቶግራፉን ከጎኑ ያኖራል። እዚያ የተቀረጸውን ቁጥር ግን የተሠራበት ዓመት አድርገው እንዳያነቡት ይጠንቀቁ፤ ቁጥሩ በአብዛኛው የቅርጽ ማውጫው ወይም የመጠኑ መለያ ነው። ለዘመን ይበልጥ የሚረዳው የአገር ስም ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ መሠረት ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገቡ ዕቃዎች የተሠሩበት አገር በእንግሊዝኛ እንዲጻፍባቸው ስላስገደደች፣ የጀርመን ስም በእንግሊዝኛ የተቀረጸበት ጭንቅላት ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። ጽሑፉ አለመኖሩ ግን ከዚያ በፊት ለመሠራቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሁሉም አሻንጉሊት ለአሜሪካ ገበያ አልተሠራምና።

ጭንቅላትና አካል ከአንድ ፋብሪካ መምጣታቸውንም ይጠርጥሩ። የሸክላ ጭንቅላት ሲሰበር በሌላ መተካት የተለመደ ስለነበረ ብዙ አሻንጉሊቶች የተጋጠሙ ናቸው። ይህን በመግለጫው ላይ በግልጽ የሚጽፍ ሙዚየም፣ ሁሉንም «እንደ መጀመሪያው» ብሎ ከሚያሳልፈው ይልቅ በእኔ አስተያየት የበለጠ ሊታመን ይገባል።

የልጆች ልብስ ክፍል ጨለም ማለቱ አያስገርምዎ፤ ብርሃን ጨርቅን ስለሚያነጣና ስለሚያደክም ለጨርቅ የሚፈቀደው መጠን ወደ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ገደማ ነው፤ ዓይንዎ እስኪለምደው ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ። በዚህ ክፍል ብዙ ጎብኚ የሚሳሳተው የልጁን ጾታ በቀሚስ ሲገምት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ ወንዶች ልጆችም በሕፃንነታቸው ቀሚስ ይለብሱ ነበር፤ ሱሪ የሚታጠቁት ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ ገደማ ነበር።

ከዚህ ክፍል ሁሉ ጊዜ ወስደው ሊያዩት የሚገባው የቀሚሱ የታችኛው ጠርዝ ነው። እናቶች ልጁ ሲያድግ እንዲረዝም በማሰብ ከጠርዙ በላይ ድርብ ድርብ እጥፋት ይሰፉ ነበር። እጥፋቱ ሲፈታ ተደብቆ የቆየው ጨርቅ ደመቅ ያለ መስመር ሆኖ ይቀራል፣ የቀድሞው መርፌ የበሳቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎችም በረድፍ ይታያሉ፤ ሁለት እንዲህ ያሉ መስመሮች ካሉ ልብሱ ሁለት ጊዜ ረዝሟል ማለት ነው፣ ምናልባትም ለታናሽ ተላልፏል። እንዲህ ያለ ልብስ ብርቅ ነው። የዘወትር ልብስ ተለብሶ ስለሚያልቅ ወደ ሙዚየም የሚደርሰው በብዛት ለክርስትናና ለበዓል የተሰፋው ነው፤ ስለዚህ ያዩትን የዳንቴል ብዛት የዘመኑ ልጆች ሁሉ የዘወትር አለባበስ አድርገው አይውሰዱት። ሐር በየእጥፋቱ ተሰነጣጥቆ ካዩም የአያያዝ ጉድለት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐር ከበድ እንዲል በቆርቆሮ ጨው ይነከር ስለነበረ ጨርቁ ከውስጥ ይፈራርሳል።

ሰዓቱ ሲደርስ ከሚንቀሳቀሰው ምስል ፊት ሳይሆን ከሣጥኑ አጠገብ ቦታ ይያዙ፤ ብዙ ጊዜ ጎኑ ለዕይታ ተከፍቶ ይቀመጣልና። ቁልፉ ሞላውን ይጠመዝዛል፤ ሞላው ሲፈታ ጠርዛቸው ወጣ ገባ ተደርጎ የተቆረጡ ክብ ዝርግ ብረቶችን ያዞራል፤ ካም የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በየካሙ ጠርዝ ላይ የሚሄደው ዘንግ ከፍ ዝቅ ሲል እንቅስቃሴው በምስሉ እግር ውስጥ አልፎ ወደ እጅ፣ ወደ አንገትና ወደ ዓይን ሽፋን ይደርሳል። የሚዘፍን ወፍ ካለ ድምፁ የሚመጣው ከትንሽ ወናፍ ነው። መጀመሪያ አንድ እጅ ብቻ ይምረጡና የትኛው ካም እንደሚያዘው ይከታተሉ፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ ለማየት የሚሞክር ምንም ሳይገባው ይወጣል።

ካም የሥዕልና የጽሑፍ ማኅደር ሊሆን እንደሚችል የሚያሳየው በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ ፍራንክሊን ኢንስቲትዩት የሚገኘው፣ የሚጽፍና የሚሥል ምስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 በእሳት ተጎድቶ ተቋሙ ሲደርስ ማን እንደሠራው በእርግጠኝነት አይታወቅም ነበር፤ ተጠግኖ ሲነሣ ግን በጻፈው የፈረንሳይኛ ግጥም ጠርዝ ላይ የሜያርዴ ምስል እንደጻፈው አሰፈረ፤ ሠሪው የስዊዘርላንዱ ሰዓት ሠሪ አንሪ ሜያርዴ መሆኑም በዚህ ታወቀ።

ከጉብኝቱ በኋላ በቤቱ ያለውን አሮጌ የሙዚቃ አሻንጉሊት ከፍቶ ለማየት የሚነሣሣ ሰው አይጠፋም። ሞላው ተጠምዝዞ ሳለ ፍጥነቱን የሚገታውን ትንሽ ክንፍ መንካት አይገባም፤ ክንፉ ከተፈታ ዜማውን የያዙት ሹሎች የተተከሉበት ሲሊንደር ያለ ልጓም ይፈተለክና ሹሎቹ የድምፅ ሰጪውን ብረት ጥርሶች በሰከንዶች ውስጥ ይሰባብራሉ። አንድም ብሎን ከመፈታቱ በፊት ሞላው ኃይሉን ሙሉ በሙሉ ጨርሶ መቆሙን ያረጋግጡ፤ መሃል ላይ ተይዞ ከቆመ ደግሞ ሳይነኩ ለባለሙያ ይስጡት።