አዲስ ደራሲ አግኝታችሁ ተውኔቱን ለቴአትር ቤት መጠቆም ስትፈልጉ

ገና ስሙ ያልታወቀ ደራሲ የጻፈው አሪፍ ስክሪፕት እጃችሁ ገባ እንበል፣ ሌሊቱን አነበባችሁት፣ ወደዳችሁት፣ ጠዋት ተነስታችሁ "ይሄን የግድ ማየት አለባችሁ" ብላችሁ ለአምስት ቴአትር ቤት ላካችሁ። በቃ፣ እዛው ቀረ። እኔም አድርጌዋለሁ። አስራ አራት ገጸ ባህሪ ያለውን ተውኔት ስድስት ሰው ሲቆምበት ለሚጨናነቅ መድረክ ልኬ ለምን ዝም አሉኝ እያልኩ ሳማቸው ከረምኩ፣ እዛ ቤት ስንቴ ገብቼ ቴአትር አይቻለሁ እኮ፣ መድረኩን አውቀዋለሁ፣ ግን ያን ቀን ያሰብኩት ስክሪፕቱን ብቻ ነበር።

ስለዚህ ከቤቱ ጀምሩ። ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ምን ምን አሳዩ፣ ስንት ተዋናይ ይዘው ነው ሚሰሩት፣ አዲስ ደራሲ ሞክረው ያውቃሉ ወይስ ሁሌ የታወቀ ስም ነው፣ ስክሪፕት ከማንም ይቀበላሉ ወይስ በወኪል በኩል ብቻ፣ የሚቀበሉበት ወቅት አለ ወይ። አብዛኛው ቤት የሚቀጥለውን ዓመት ፕሮግራም ብዙ ወር ቀድሞ ነው ሚጨርሰው፣ ከዛ በኋላ የመጣ ነገር ጥሩም ቢሆን ወረፋ ይጠብቃል። ሁለት ቤት በደንብ አውቆ ለሁለቱ መላክ ለሃያ ከመበተን ይሻላል፣ በዚህ አልከራከርም።

ከዛ ስክሪፕቱን ድጋሚ አንብቡት፣ አሁን ግን ጮክ ብላችሁ። ከተቻለ ሦስት አራት ጓደኛ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስባችሁ ገጸ ባህሪ ተከፋፈሉ። በዓይን ሲነበብ ያማረ ቃለ ተውኔት አፍ ላይ ሲወጣ ሚንቀራፈፍ አለ፣ ሁሉም ገጸ ባህሪ በአንድ አፍ እንደሚያወራም ያኔ ነው ሚታወቀው። ሰዓትም ያዙ። "አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ" የሚባለው ለግምት ያህል ነው፣ ዝምታ የበዛበት ተውኔት 60 ገጽ ሆኖ አንድ ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል።

የጀማሪ ሥራ እንከን ይኖረዋል፣ እሱ አያስደንግጣችሁ፣ ዋናው ነገር እንከኑ ጥናት (ልምምድ) ላይ ይስተካከላል ወይ ነው። መጨረሻው ከተንዛዛ፣ አንድ ትዕይንት ከተረፈ፣ ወይ አንዱ ሰውዬ ወሬ ለማቀበል ብቻ እየገባ ሚወጣ ከሆነ አዘጋጅና ተዋናይ ሲገቡበት ይቆረጣል፣ ይጠጋገናል። ማንም ምንም የማይፈልግበት ተውኔት ግን... ማለቴ ሰዎቹ ቁጭ ብለው ስለ ሕይወት አሪፍ አሪፍ ነገር ያወራሉ፣ ግን አንዱ ከሌላው ሚፈልገው ነገር የለም፣ ያንን ጥናት አያድነውም። እንዲህ ያለውን ቋንቋው ስላማረኝ ብቻ ጠቁሜ አውቃለሁ፣ ሰምተውኝ የመድረክ ንባብ ተደረገ (ተዋናዮች ስክሪፕቱን ይዘው ተመልካች ፊት ሚያነቡበት ማለት ነው)፣ ሃያኛው ደቂቃ ላይ አዳራሹ ውስጥ ሳል በዛ።

ኢሜይሉ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። "ልብ የሚነካ፣ ዘመኑን የሚያሳይ" ምናምን የሚለውን ተዉት፣ ስክሪፕት አንባቢው እሱን ሲያይ ነው ሚውለው። መድረኩ ላይ ምን እንደሚሆን ጻፉ። እኔ አንዴ እንዲህ ብዬ ነበር፦ "ሁለት እህትማማቾች የሞተ አባታቸውን ቤት ሊሸጡ ገዢ እየጠበቁ ነው። ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ታላቂቱ ቁልፎቹን ስትቆጥር ከቤቱ በሮች በአንድ ይበልጣሉ። ከዛ በኋላ ስለ ሽያጭ የሚያወራ የለም።" በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ፣ ቁልፉ የምንድነው ብለው።

ከዛ ደረቁን ነገር አስከትሉ፣ ስንት ተዋናይ፣ ስንት ደቂቃ፣ መድረኩ ስንቴ ይቀያየራል፣ ከዚህ በፊት ታይቷል ወይ፣ እና ለምን ለእነሱ ቤት። እንከኑንም አትደብቁ፣ "ሁለተኛው ገቢር አስር ደቂቃ ይረዝማል፣ ደራሲዋም ታውቀዋለች" ስትሉ የቀረውን ሙገሳ ያምኗችኋል። ደራሲዋ ጓደኛችሁ ከሆነች ደሞ ቀድማችሁ ራሳችሁ ተናገሩ፣ በኋላ ሲደርሱበት ያስጠላል።

ይሄ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን (መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ) ደራሲውን አስፈቅዱ፣ ስክሪፕቱ የሱ ንብረት ነው፣ ደሞ እናንተ ጋ ያለው ፒዲኤፍ እሱ ከጣለው ሦስት ወር የሆነው ድራፍት ሊሆን ይችላል።

ብቻችሁን መጮህም የለባችሁም። አሜሪካ ውስጥ ኪልሮይስ የሚባሉት የሎስ አንጀለስ ባለሙያዎች "የሴቶች ተውኔት እኮ አይገኝም" የሚለው ሰበብ ሰልችቷቸው በ2014 እ.ኤ.አ. አዳዲስ ስክሪፕት የሚያነቡ ሰዎችን ጠይቀው ብዙ ጥቆማ ያገኙትን ተውኔቶች ዝርዝር አወጡ፣ ሰበቡም ከዛ ወዲያ ለመናገር ከበደ። ኒው ፕሌይ ኤክስቼንጅ የሚባለው የተውኔቶች ድረ ገጽ ላይ ደሞ ያነበበ ሰው ከተውኔቱ ስር ጥቆማውን ይጽፋል። የሱ ባለቤት የሆነው የቴአትር ቤቶች ኅብረት፣ ናሽናል ኒው ፕሌይ ኔትወርክ፣ ሌላም መንገድ አለው፣ ቢያንስ ሦስት ቴአትር ቤቶች አንዱን አዲስ ተውኔት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አዘጋጅ ያሳዩታል፣ የመጀመሪያነቱን ክብር ሁሉም ይጋሩታል። "ሌላ ቤት ከቀደመን ምን ይሰራልናል" ለሚላችሁ ሰው ይሄን አንሱለት።

እምቢ ካሏችሁስ? የሩሲያዊው ደራሲ የቼኾቭ ተውኔት «ሲጋል» በ1896 እ.ኤ.አ. ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ተመልካች ሲያፌዝበት ደራሲው ሁለተኛ ቴአትር አልጽፍም ብሎ ነበር። የሞስኮ አርት ቴአትር መስራች ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ግን በደብዳቤ እየወተወተ ፈቃድ አገኘ፣ ተውኔቱ መጀመሪያ ያልገባውን አብሮት ቴአትር ቤቱን የመሰረተውን አዘጋጅ ስታኒስላቭስኪንም አግባባው፣ በ1898 ሞስኮ ላይ ሲታይ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ውትወታ ስል ግን በየሳምንቱ "አያችሁት?" ማለት አይደለም፣ ሦስት ወር ጠብቃችሁ አንድ አጭር መልእክት ይበቃል። ሙሉ ዝግጅት ከከበዳቸው ንባብ ብቻ ጠይቁ፣ ለንባብ ጥቂት ወንበርና የአንድ ቀን ልምምድ ይበቃል፣ እሺ ለማለት ይቀላቸዋል። ምክንያት ያለው እምቢታ ካገኛችሁ ለደራሲው እንዳለ ንገሩት፣ አታለሳልሱት።

ሌላው፣ የፋይሉ ስም "የመጨረሻው የመጨረሻ 3" አይሁን፣ የተውኔቱና የደራሲው ስም ይሁን፣ አድራሻው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይኑር፣ ገጾቹም ቁጥር ይኑራቸው። ቁጥር የሌለው ስክሪፕት አንዴ አትሜ ወለል ላይ ተበትኖብኝ፣ ሁለተኛውን ገቢር ከመጀመሪያው ጋር አደባልቄ አንብቤ፣ "አወቃቀሩ ደፋር ነው" ብዬ ማስታወሻ ጽፌበታለሁ።