የአጸደ ሕፃናትና የአንደኛ ደረጃ መምህር ለመሆን እንዴት መሰልጠን ይገባል?

በቅድሚያ መወሰን ያለበት የትኛውን ዕድሜ ማስተማር እንደሚፈልጉ ነው። በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ቅድመ አንደኛ ደረጃ ሁለት ዓመት፣ አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል፣ መካከለኛ ደረጃ ደግሞ 7ኛና 8ኛ ክፍል ነው። ቀድሞ አንደኛ ደረጃ እስከ 8ኛ ክፍል የሚዘልቅና በሁለት እርከን የተከፈለ ስለነበር፣ ነባር መምህራን «የመጀመሪያ ሳይክል» ሲሉዎት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ማለታቸው መሆኑን ልብ ይበሉ። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም፤ የጫማ ክር እያሰሩና እንባ እየጠረጉ ሕፃናትን ማስተማርና ለ6ኛ ክፍል ተማሪ ክፍልፋይ ማስረዳት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሕፃን ልቅሶ ትዕግሥትዎን ቶሎ የሚያሟጥጥ ከሆነ ይህን ከምዝገባ በፊት ማወቁ ይሻላል።

በአገራችን መደበኛ የመምህራን ሥልጠና በ1944 እ.ኤ.አ. የተጀመረው እዚሁ አራት ኪሎ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ነበር። ዛሬ ከመሀል ከተማ የሚነሳ አመልካች በመገናኛ አድርጎ፣ በኮሌጅነት ብዙ መምህራንን ወዳፈራው የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ቢጠይቅ መልካም ነው። የመግቢያ መስፈርትና የምዝገባ ጊዜ በማስታወቂያ ስለሚገለጽ ከሰው ከመስማት ይልቅ ሬጅስትራር ድረስ ሄዶ ማንበብ ያዋጣል። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤትዎን፣ ትራንስክሪፕትዎንና መታወቂያዎን ከነኮፒያቸው ይዘው ይሂዱ።

የልጆች ዕድገት፣ የማስተማር ሥነ ዘዴ፣ የምዘናና የልዩ ፍላጎት ትምህርት ኮርሶች አስፈላጊነት አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ መምህር የሚወጣው ሰልጣኞች «ፕራክቲከም» በሚሉት የተግባር ልምምድ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰልጣኝ ይህን ጊዜ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለመታየት ይቸኩልበታል፤ የእኔ ምክር ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከክፍሉ ኋላ ተቀምጠው አንድን ልጅ ብቻ በመከታተል፣ የሚያደርገውንም በማስታወሻ ደብተር በመመዝገብ እንዲያሳልፉ ነው።

እኔ ራሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ስለማመድ፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ለ ሉ ሊ ላ» ሲል ልጆቹ ፊደል የለዩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። በማግሥቱ አንዲት ልጅ ጠርቼ «ሌ»ን ለብቻው ጽፌ ሳሳያት ዝም አለች፤ ከዚያም ጣቶቿን እያጠፈች ከ«ለ» ጀምራ በለሆሳስ ቆጠረችና አምስተኛው ላይ ስትደርስ «ሌ!» አለች። ያወቀችው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሁሌም በአንድ ቅደም ተከተል ብቻ አስነብቤያቸዋለሁና።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሰባት የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሆሄ ጻፍኩና አደባልቄ፣ የጠራሁትን እንድታነሳ አደረግኩ። በሳምንቱ መልካቸው የሚቀራረቡትን «በ»ንና «ሰ»ን፣ «ተ»ንና «ቀ»ን ጨመርኩ። (ለትንንሾቹ ቆርኪ አይሆንም፤ አፋቸው ውስጥ ይከቱታል፤ ተለቅ ተደርጎ የተቆረጠ ካርቶን ይጠቀሙ።)

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የዕለት ትምህርት ዕቅድ ነው። በዓላማው ቦታ «ተማሪዎች የ‹ለ›ን ዘር ይገነዘባሉ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ቢሆንም፣ መገንዘብ በዓይን ስለማይታይ በ40 ደቂቃው መጨረሻ ዓላማዎ መሳካቱን የሚያረጋግጡበት መንገድ አይኖርዎትም። «ከተደባለቁት ሰባት ሆሄያት ‹ሌ›ን ለይተው ያነሳሉ» ቢሉ ግን ማን እንዳነሳና ማን እንዳላነሳ ወዲያው ያያሉ፤ ተከታታይ ምዘና የሚባለውም በዋናነት ይኸው ነው። ለክፍለ ጊዜው ሦስት ተግባር ካቀዱ አንዱን ይሰርዙ፤ ቁሳቁስ ማደልና መሰብሰብ ብቻውን ካሰቡት በላይ ጊዜ ይበላል።

ተረት ጮክ ብሎ ማንበብም ልምምድ ይፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ስላለው፣ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ይዘው ሄደው መጻሕፍቱን ይምረጡ፤ ቤት ሲመለሱ እያነበቡላቸው የትኛው ገጽ ላይ መቁነጥነጥ እንደሚጀምሩ ያስተውሉ።

ከተመረቁ በኋላ የሙያ ፈቃድ ምዘና ስለሚጠብቅዎት የማህደረ ተግባር (ፖርትፎሊዮ) ሰነድዎን ከልምምዱ የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ማደራጀት ይጀምሩ። የትምህርት ዕቅዶችዎን፣ የሠሩትን የትምህርት መርጃ መሣሪያ ፎቶግራፍና የተባባሪ መምህርዎን፣ ማለትም በክፍላቸው የሚለማመዱባቸውን መምህር፣ አስተያየት ከነቀኑ በአንድ ፋይል ያኑሩ። አስተያየቱን በቃል ከሰጡዎት በጽሑፍ አስፍረው እንዲፈርሙበት ያኔውኑ በትሕትና ይጠይቋቸው፤ ወሰነ ትምህርቱ ተዘግቶ ማርክ በሚሞላበት ሳምንት መምህር ፈልጎ ማስፈረም እጅግ አስቸጋሪ ነው።